አሮጌ ጠመንጃ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሮጌ ጠመንጃ ናቸው። ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ባሕር ማዶ ካሉ ልጆቻችንም መጥተዋል። እንደየአመጣጣቸው መልሻለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሰፈሬ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ነው። ጎረቤቴ የሟች አባቱን ምንሽር ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ወረቀት የለውም፤ ዋጋው ግን ከሌላው በግማሽ ይቀንሳል። ለድኩላ አደን ነው የፈለግኩት። ልግዛው?»

አትግዛው። ዋጋው የወረደውም ወረቀት ስለሌለው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም መሸጥም ክልክል ነው። ሽማግሌ አስቀምጣችሁ፣ ምስክር ጠርታችሁ ውል ብትጻጻፉም ውሉ ፈቃድ አይሆንም። ጎረቤትህ መጀመሪያ ራሱ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ «አባቴ ትተውት ያለፉት መሣሪያ አለ» ብሎ ያስታውቅ። ያ ሳይሆን ቀብድ እንዳትሰጥ። በዚህ ጊዜ ወረቀት የሌለው ጠመንጃ ይዞ መገኘት ምን እንደሚያመጣ ለደሴ ሰው መንገር አያስፈልግም።

አደኑ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የመሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በደቡብ ወሎ የቀረን እንስሳ ስንት ነው? ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ውስጥ ያሉት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከአገራችን ውጭ በዓለም ላይ የትም የሉም። ድኩላውም ይኑርበት። ድኩላውን ተወው ወንድሜ።

«ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው፤ አሁን የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። አንድ የመሣሪያ ሱቅ ውስጥ የኛ አንበሳ የተቀረጸበት አጭር ማውዘር ጠመንጃ አየሁ። ሻጩ ከኢትዮጵያ የመጣ ነው አለኝ። እውነት ለመናገር ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማቀባበያው ላይ ያለው ቁጥርና አካሉ ላይ ያለው ቁጥር ግን አይገጥምም። ገዝቼው ዘንድሮ አጋዘን ላድንበት?»

ስሜትህ ገብቶኛል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢትዮጵያ ከቤልጅግ ፋብሪካ ማውዘር ገዝታለች፤ አባቶቻችን «ቤልጅግ» ብለው የሚጠሩት እሱን ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ እየተሸጡ ነው። ስለዚህ የሻጩ ወሬ ሊሆን የሚችል ነው። ብዙዎቹ ግን ለዓመታት ዘይት ሳይነካቸው የተቀመጡ ናቸው። ላዩን አይተህ እንዳትወስን።

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ ሻጩ ማቀባበያውን፣ ማለትም ጥይቱን አጉርሶ ከኋላ የሚዘጋውን ብረት፣ እንዲያወጣልህ ጠይቅ። ደረቅ ነጭ ጨርቅ በበርሜሉ ውስጥ ደጋግሞ ይሳብበት። ሳይጸዳ የታየ በርሜል አይፈረድበትም፤ የመጋዘን ቅባትና ቆሻሻ ጉድጓዱንም ደህናውንም ይሸፍናል። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ በጎራሹ በኩል ትንሽ መብራት ያዝና በአፈሙዙ በኩል ተመልከት፤ ቀጥሎ አገላብጠው። ጠመዝማዛዎቹ ቦዮች ጠርዛቸው የሰላ ሆኖ እስከ ጫፍ ከታዩህ ጥሩ ነው። በርሜሉ ጠቆር ማለቱ ብቻውን አያስፈራም፤ እንዲህ ሆኖም በደንብ የሚመታ አለ። ዝገት የበላው ጉድጓድ በብዛት ካየህ ግን ዋጋውን አስቀንስ ወይም ተወው። አንድ ቦታ ላይ እንደ ቀለበት የዞረ ጥላ ካየህ በርሜሉ አብጧል ማለት ነው። ያኔ ድርድር የለም፣ እንዳትተኩስበት። በመጨረሻ የአፈሙዙን ከንፈር በጥፍርህ ዳስሰው። ጥይቱ በመጨረሻ የሚነካው እሱን ነው። እዚያ ላይ የተጎረደ ካለ ዒላማ ይስታል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። አለመግጠሙ ማቀባበያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ይነግርሃል። ማቀባበያው ሲዘጋ በእሱና በጥይቱ ቂጥ መካከል የሚቀረው ክፍተት በጣም ጠባብ መሆን አለበት። ክፍተቱ ከሰፋ ሲተኮስ ቀለሁ ሊቀደድና የባሩዱ ትኩስ ጋዝ ወደ ፊትህ ሊመለስ ይችላል። ይህን ጠመንጃ ሠሪ በመለኪያ ብረት ወዲያው ያውቀዋል። በመተኮስ እንዳትሞክረው፤ ስለ ዓይንህ ነው የምለው። ሻጩ «ለጠመንጃ ሠሪ አላሳይም» ካለ ደህና ዋል ብለህ ውጣ።

ጥይቱን በተመለከተ፣ 7.92 በ57 ወይም እዚያ እንደሚሉት 8 ሚሊ ማውዘር መሆኑን አስመርምር። ከኢትዮጵያ የመጡት ውስጥ የጣሊያን ካርካኖም የእንግሊዝ ኤንፊልድም አለና ከሻጩ ቃል በርሜሉ ላይ የተጻፈው ይበልጣል። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ይህን ጥይት ሆን ብለው ኃይሉን ቀነስ አድርገው ነው የሚሠሩት። ምክንያቱ በርሜላቸው ጠበብ ያለ፣ ከ1905 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩ ጠመንጃዎች ስላሉ ነው። ያም ሆኖ በመጠነኛ ርቀት ለአጋዘን ይበቃል። ርካሽ የድሮ የወታደር ጥይት ግን አትግዛ። ኮሎራዶ ለትልቅ አውሬ የምትፈቅደው ሲመታ ጫፉ የሚከፈት ጥይት ነው። በዚያ ላይ የድሮው ጥይት በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል፤ በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ካልተቀባ በጥቂት ቀን ያዝጋል።

የኔን ምክር ካልክ፣ በርሜሉና ክፍተቱ ደህና ከሆኑ ግዛው፣ ግን ለአደን አታድርገው። ለአደን የዒላማ መነጽር ልትገጥምለት ትፈልግ ይሆናል። ለዚያ አካሉ ይበሳል፤ አንዴ ከተበሳ ደግሞ ቅርስነቱ አለቀ። ለአደን ሌላ ያገለገለ ጠመንጃ በደህና ዋጋ አታጣም። የአዳኝ ትምህርት ሰርተፊኬትህን አውጣ፤ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወለደ ሁሉ ኮሎራዶ ውስጥ ያስፈልገዋል። ደማቅ ብርቱካናማውንም ልብስ አትርሳ።

«ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ። ወንድሜ ሚኒሶታ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። ጓደኛው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ሬሚንግተን 700 ሊሸጥለት ነው። እኔ ግን ልቤ ፈርቷል።»

ፍርሃትሽ ያለ ምክንያት አይደለም እህቴ። ሬሚንግተን 700 ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ፣ ዒላማው የተመሰከረለት ጠመንጃ ነው። የድሮው ምላጩ ግን ሳይሳብ ተኩሷል ተብሎ ለብዙ ዓመታት ፍርድ ቤት ሲያከራክር ኖሯል። በስምምነት ካለቀ በኋላም ለብዙዎቹ ምላጭ መቀየር ተፈቅዶ ነበር። ሌላም አለ። ከ1982 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራው ሴፍቲው፣ ማለትም ድንገት እንዳይተኩስ የሚያግደው ቁልፍ፣ እንደተቆለፈ ማቀባበያው አይከፈትም። ጥይቱን ለማውጣት የግድ ሴፍቲውን ማንሳት አለበት። አደጋ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ እዚያች ቅጽበት ላይ ነው።

ወንድምሽ ከመግዛቱ በፊት ምላጩ ተቀይሮ እንደሆነ ይጠይቅ። ካልተቀየረ የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንስ፤ ሳይቀየር አንድም ጥይት አያጉርስበት። ባዶ ሲያደርገውም አፈሙዙ ወደ መሬት፣ ሰው ወደሌለበት ይሁን። ልጆቹ ላሉበት ቤት የብረት ሳጥን ከጠመንጃው ቀድሞ ይገዛ፤ ጥይቱ ደግሞ ለብቻው ይቆለፍበት። ይህን ሁሉ ካደረገ ልብሽ ይረፍ። ካላደረገ ደግሞ «አይሆንም» በይው፤ እህቱ ነሽና ይሰማሻል።

«ከቃሉ ወረዳ ነኝ። ከርከሮና ዝንጀሮ ማሽላዬን ጨረሱት። አሮጌ ጠመንጃ ልግዛ?»

ይህ ዕዳ መጨመር ነው። ጠመንጃውም ጥይቱም ከምታተርፈው ማሽላ በላይ ያስወጣሃል፤ መግደሉም ያለ ፈቃድ ያስጠይቃል። ከጎረቤቶችህ ጋር ተራ ገብታችሁ ጠብቁ፤ ከርከሮ ሌሊት ስለሚመጣ ማማው ላይ ሰው አይጥፋ። ጉዳቱን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስመዝግብ። ብቻህን ከምትሄድ ብዙ ሆናችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

«ሐይቅ ነው ያለሁት። የአያቴ ውጅግራ እጄ ላይ አለ። ይተኮሳል? ወይስ ልሽጠው?»

አይተኮስም። ውጅግራ የፈረንሳይ የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት ነው። በአንድ ጊዜ የሚያጎርሰው አንድ ጥይት ነው፤ እሱም በጥቁር ባሩድ የሚሠራ 11 ሚሊ ሜትር። ያ ጥይት ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። ተገኘ ብለው ቢያመጡልህ እንኳ አትመነው። በአድዋ ዘመቻ ከተያዙት ጠመንጃዎች መካከል ስለነበረ ዋጋው በታሪኩ ነው።

አንተም እንደ መጀመሪያው ጠያቂ ሄደህ ለፖሊስ አስታውቅ። ከዚያ መሸጡን ትተህ ለደሴ ሙዚየም ስለመስጠት አስብ። ሙዚየሙ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል። የወሎ ሰው በእጁ ያለውን ካልሰጠ ማን ይሰጣል? ስትሰጥ አያትህ ማን እንደነበሩ፣ ጠመንጃውን ከየት እንዳገኙት የምታውቀውን ሁሉ በወረቀት ጽፈህ አብረህ አስረክብ። እስከዚያው ብረቱን በአሸዋ ወረቀት እንዳትፈትገው፤ የፋብሪካ ጽሑፉ ይጠፋል። ለስለስ ያለ ዘይት በጨርቅ ቀባው። የቆዳ አፎት ካለው ደግሞ ከውስጡ አውጥተህ አስቀምጠው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።