የመጀመሪያ የሥራ ጫማህ፦ ጫማ ሰፊ ሊፈታው የሚችለውን ግዛ

ወንድሜ፣ እንኳን ለሥራ አበቃህ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፍኖተ ሰላም ከተማ ባንክ ውስጥ ተቀጥረሃል፣ የመጀመሪያ ደሞዝህን ልትቀበል ነው፣ ከሱሪና ከሸሚዝ ጋር የሚሄድ አንድ ጥሩ ጫማ ፈልገሃል። ጓደኛህ «ርካሹን ግዛና ሲያልቅ ቀይር» ይልሃል። ወንድምህ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አዝዝ ይልሃል። የአንተ ዓይን ደግሞ ያረፈው ሹሉና እንደ መስታወት የሚያበራው ላይ ነው። መልሴ ይረዝማል። ደሞዝህ በከንቱ እንዲሄድ ስለማልፈልግ ታገሰኝ።

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። አጎቴ ጫማ ሰፊ ነበሩ። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ሲዘጋ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ክር በሰም አሽ ነበር። የማር ሰም ነው። ክሩን ሦስት አራት ጊዜ ሰሙ ላይ ስትጎትተው ይጠነክራል፣ ውሃም ቶሎ አያበሰብሰውም። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። አሁን ቢሮ ስሠራ 12 ዓመቴ ነው።

አጎቴ ጫማ ሲመጣላቸው ላዩን አያዩም። መጀመሪያ ይገለብጡታል። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሶሉና ቆዳው የሚጋጠሙበትን ዙሪያውን ይሄዱበታል፤ ጥፍራቸው የሚገባበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ቆም ይላሉ። ቀጥለው ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ተረከዙ ጋ ያለውን ምንጣፍ ገለጥ ያደርጋሉ። ይህን ሁሉ ሲጨርሱ «ይኼ ይፈታል» ወይም «ይኼ አይፈታም» ይላሉ። ይፈታል ማለት ሶሉ ሲያልቅ ተነቅሎ ሌላ ሊገባለት ይችላል፣ ቆዳው መርፌና ክር ይይዛል ማለት ነው። እኔም ዛሬ ጥሩ ጫማ ምን ዓይነት ነው ስባል ሌላ መለኪያ የለኝም። ዋጋውም ስሙም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

በ2006 ሥራ ስጀምር የመጀመሪያ ጫማዬን አጎቴን ሳላማክር ገዛሁ። 320 ብር ነበር፣ ልክ አንተ እንዳየኸው ሹልና የሚያብለጨልጭ። ግንቦት ላይ ገዝቼው ሐምሌ ላይ ጣቴ የሚታጠፍበት ቦታ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ከሥሩ ጨርቅ ታየ። አጎቴ ጋ ወሰድኩት። በቢላ ጎኑን ሰንጥቀው አሳዩኝ። ላዩ ስስ ፕላስቲክ፣ ከሥሩ ጨርቅ፣ የእግር መርገጫው ካርቶን፣ ታኮው ደግሞ ውስጡ ባዶ። «ልጄ፣ መርፌ የሚይዝ ነገር የለውም» አሉኝ። ከዚያም በኋላ ብር ስለሚያጥረኝ ሁለት ተመሳሳይ ገዛሁ። በ14 ወር ሦስት ጫማ፣ 960 ብር። ቀጥሎ በ750 ብር የገዛሁትን የቆዳ ጫማ አምስት ዓመት አደረግኩት፤ ሶሉን ሁለት ጊዜ ብቻ አስቀየርኩ። ዋጋው ዛሬ ሌላ ነው፣ ስሌቱ ግን አልተለወጠም። ጓደኛህ «ሲያልቅ ቀይር» ሲልህ ይህን አስላው።

ቆዳ መሆኑን ለማወቅ ላይተር አታስጠጋበት። ጥሩውንም ቆዳ ጠባሳ ታወጣበታለህ፣ ስለ ጥራቱም ምንም አይነግርህም። ይልቅ የተቆረጠ ጠርዝ ፈልግ። የጫማው ምላስ ጫፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ክፍት ነው። ቆዳ ከሆነ ጭረት ጭረት ያለው፣ እንደ ተጨመቀ ጥጥ ዓይነት ነገር ታያለህ። ፕላስቲክ ከሆነ ከላይ ስስ ሽፋን፣ ከሥር የተሸመነ ጨርቅ ነው። ቀጥሎ አፍንጫው ጀርባ ላይ በአውራ ጣትህ ጫን አድርገው። ጥሩ ቆዳ ጣትህ ዙሪያ ቀጫጭን መስመር ያወጣና ስትለቀው ይጠፋል። ፕላስቲኩ እንደ ጎማ ይሰረጉዳል፣ መስመር አያወጣም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። የበሬ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፋብሪካ ላይ በውፍረቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። የላይኛው ፀጉሩ የነበረበት ነው፣ ጠንካራውም እሱ ነው። የታችኛው ላላ ያለ ስለሆነ ላዩ ፕላስቲክ ይቀባና እሱም ቆዳ ተብሎ ይሸጣል። ስለዚህ ሶሉ ላይ «ጀንዩን ሌዘር» (እውነተኛ ቆዳ) የሚል ማኅተም አየሁ ብለህ አትርካ፤ የታችኛውም ላይ ይመታል። ላዩ ፍጹም እኩል፣ አንድም ምልክት የሌለው፣ እንደ ጠርሙስ የሚያበራ ከሆነ እኔ እጠረጥራለሁ። በተፈጥሮው ቆዳ ላይ ትንሽ የእሾህ ጠባሳ፣ አንድ ሁለት ቀጭን ጭረት ቢኖር ነውር አይደለም። በነገራችን ላይ የደጋ በጎቻችን ቆዳ ስስና ጠንካራ ስለሆነ ለእጅ ጓንት በዓለም ይፈለጋል። ለሥራ ጫማ ላይ ግን የበሬ ወይም የጥጃውን ፈልግ፤ የበጉ ለገበር ይሁንልህ።

አሁን ሶሉ። መጽሔት ላይ የምታየው ሙሉ የቆዳ ሶል ያምራል፣ እኔም ስለማምርበት አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ለእኛ አገር ክረምት ግን አይሆንም። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ባንኩ ሴራሚክ ላይ ስትገባ ያንሸራትትሃል። የጎማ ሶል ያዝ፣ ግን የተሰፋ ይሁን። በጣም ቀላልና እንደ ስፖንጅ የሚጫነው ሶል ሱቅ ውስጥ ብዙ ከቆየ በእርጥበት ብቻ ውስጥ ውስጡን ይበላሻል። አንድ ቀን ሳታስበው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። አጎቴ ጋ ሳይደረግ የረገፈ ጫማ ሲመጣ አይቻለሁ።

ከስፌት ሁሉ የሚበልጠው ጉድይር ዌልት የሚባለው ነው። ጫማው ዙሪያ ቀጭን የቆዳ ጠፍር ይዞራል፤ የላዩ ቆዳ ከጠፍሩ፣ ጠፍሩ ከሶሉ ጋር ይሰፋል። ሶሉ ሲያልቅ የላዩ ሳይነካ ይፈታል። ውድ ነው፣ በየሱቁም አታገኘውም። ሌላው ስፌት ከውስጥ በኩል ሶሉን በቀጥታ ይይዛል፤ ምንጣፉን ስትገልጥ ክሩን ታየዋለህ። ተጠንቀቅ ግን፣ ሶሉ ጠርዝ ላይ ስፌት የሚመስል መስመር በፋብሪካ የታተመበት ብዙ አለ። በጥፍርህ ክሩን ነካ አድርገው፤ ክር ካልሆነ ጥፍርህ ያውቀዋል።

አቅምህ በማስቲሽ የተለጠፈውን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ አትዘን። ቆዳው ጥሩ እስከሆነ ድረስ ሳታደርገው በፊት ጫማ ሰፊ ጋ ወስደህ ዙሪያውን በእጅ አሰፋው። ይህን ምክር ከሁሉ በላይ ያዝልኝ። በወስፌ እየበሳ፣ በሰም በታሸ ክር። ወፍራም ክር ይጠቀም፣ ስፌቱ ሶሉ ጎን ላይ በተቀደደለት መስመር ውስጥ ይግባ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ይበላዋል። ጫማ ሰፊውን አታጣድፈው። ጠዋት ሰጥተህ ማታ ውሰድ፣ የጠየቀህንም ክፈለው፤ እጁ ነው ጫማህን ዓመት የሚያሳድረው።

ልኩ ላይ ረጋ በል። ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ 10 ሰዓት አካባቢ ለካ። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠብሃል። ለሥራ የምታደርገውን ካልሲ አድርገህ ሂድ። ሁለቱንም እግርህን አግባ። አንዱ እግር ብዙ ጊዜ ከሌላው ይተልቃል፤ ለትልቁ ግዛ። ተነስተህ ቁም፣ ሱቁ ውስጥ ወዲህ ወዲያ በል። ከረጅሙ ጣትህ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይኑር፣ ተረከዝህ ግን ብድግ ብድግ አይበል። ሻጩ «ይለቅልሃል» ካለህ ጎኑን ነው የሚጠብህ ወይስ ፊቱን ብለህ ራስህን ጠይቅ። ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይለጠጣል። ወደ ፊት አይረዝምም። በ41 እና በ42 መካከል ያለው ልዩነት 7 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ግን ጣት ላይ ብዙ ነው። በቴሌግራም የምታዝዘውን በዚህ ምክንያት ነው የማልወድልህ፤ የአንዱ 42 የሌላው 41 ነው።

ሹሉን ተወው። ይህን የምልህ ስለ ፋሽን አይደለም። ገጠር አድገን፣ ልጅ ሆነን በባዶ እግር ወይም በኮንጎ ጫማ ስንሮጥ የኖርን ሰዎች እግራችን ከፊት ሰፊ ነው፣ ጣቶቻችንም ዘርዘር ያሉ ናቸው። ጤነኛ እግር ነው፤ ሊያፍሩበት አይገባም። አባቴ ገበያ ሲወርዱ ጫማቸውን በዱላ አንጠልጥለው ይሄዱና ከተማው መግቢያ ላይ ነበር የሚያደርጉት፣ እንዳያልቅባቸው። በዚህ በእኛ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ ዓመታት በባዶ እግር የሄዱ ስንቱ በዝሆኔ እንደተሠቃዩ ታውቃለህ። ያ በሽታ አይተላለፍም፤ ከአፈሩ ውስጥ ያለ ደቃቅ ነገር በእግር ቆዳ እየገባ የሚያመጣው ነው፣ ጫማ ያደረገ ከበሽታው ይጠበቃል። ስለዚህ ጫማ ለእኔ የጌጥ ነገር ሆኖብኝ አያውቅም። እንዲህ ያለውን እግር በሹል ጫማ አታስጨንቀው። አፍንጫው ክብ ያለውን ምረጥ።

በዚህ ላይ ማሰሪያ ያለው ይሁን። ኦክስፎርድ የሚሉት የማሰሪያው ሁለት ክንፍ ከሥር ተዘግቶ የተሰፋው ነው፤ ለሙሉ ልብስ ያምራል፣ እግሩ ከላይ ከፍ ያለ ሰው ግን ይጨንቀዋል። ደርቢ የሚሉት ክንፎቹ ከላይ ተደርበው እንደ በር የሚከፈቱት ነው። ለአንተ ደርቢውን እመርጥልሃለሁ፤ ጠዋት ታጠብቀዋለህ፣ ማታ እግርህ ሲያብጥ ታላላዋለህ። ማሰሪያ የሌለውን ሞካሲን ለሁለተኛ ጫማ አቆየው። ቀለሙ ጥቁር፤ ለባንክም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም ይሆናል፣ ቀለሙንም ጎጃም ውስጥ የትም ከተማ ታገኛለህ። ቡኒው ሲደላህ ይደርሳል።

የት ልግዛ ላልከው፣ የአገር ውስጡን ቅድሚያ ስጥ። አንበሳም ጥቁር አባይም ለረጅም ጊዜ የቆዳ ጫማ ሲሠሩ የኖሩ የአዲስ አበባ ፋብሪካዎች ናቸው፣ ግን ስሙን አይተህ ብቻ አትክፈል፣ ከላይ ያልኩህን ሁሉ ፈትሽ። ባሕር ዳር ከሄድክ በልክ የሚሰፉ ሠራተኞች ጠይቅ፤ እግርህን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ከከበቡልህና የጣትህን ሥር ዙሪያ በሜትር ከለኩ ሥራውን ያውቃሉ። ሳልቫጅ ውስጥም አንዳንዴ በጣም ጥሩ የተሰፋ ጫማ ይገኛል። ግን የእግር መርገጫው በሌላ ሰው እግር ቅርጽ የተረገጠ ከሆነ ተረከዝና ጉልበትህን ያሳምምሃል። ለመጀመሪያ ጫማ አልመክርህም።

ከገዛኸው በኋላ ከዝናብና ከእሳት ጠብቀው፣ ከሁለቱ ደግሞ እሳቱን የበለጠ ፍራ። ያ 750 ብር የገዛሁት ጫማ አንድ ነሐሴ ከእንጅባራ መልስ በስብሶ ገባ። ከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀምጬው ተኛሁ። ጠዋት አፍንጫው ወደ ላይ ተቆልምሞ፣ ቆዳው እንደ ደረቀ እንጀራ ሆኖ አገኘሁት። አጎቴ ቀለም ያልነካው ቅባት ቀብተው፣ ፎርማ (የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት) አግብተው ሦስት ቀን አቆዩልኝ፤ ተመለሰ፣ ግን እጥፋቱ ላይ የቀረው ስንጥቅ አልጠፋም። ሲረጥብ ውስጡን ጋዜጣ ሙላው፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይረው፣ ጥላ ላይ አየር ያግኝ። በቃ። የሚቻልህ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀን ተከታትለህ አታድርገው፤ የእግር ላብ ከቆዳው እስኪወጣ አንድ ቀን ይፈልጋል። ጭቃው ሲበዛ በላስቲክ ጫማ ሂድና ቢሮ ስትደርስ ቀይር፣ ማንም አያይህም፣ ቢያይህም ልክ ነህ።

ሊስትሮ ጋ ስትቀመጥ በሳሙና ውሃ እንዳያጥበው ንገረው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጭቃውን ብቻ ይጥረግ። ማሰሪያውን ያውጣው። ቀለም ትንሽ ይቀባ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ብሩሽ። ቆርቆሮ ቀለም የራስህን ይዘህ ብትሄድ ይሻላል። በስፖንጅ የሚቀባውን ፈሳሽ ተወው፤ ለአንድ ቀን ያበራና ቆዳውን ያደርቀዋል።

ገና ደሞዝ አልወጣም ብለሃል፣ ጥሩ ነው። እስከዚያ ሁለት ሦስት ሱቅ ዞር በልና ለመግዛት ሳይሆን ለማየት ብቻ ግባ። የወደድከውን ገልብጠህ የሶሉን፣ ምላሱን ከፍተህ የጠርዙን ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ከላይ ያለውን አታንሳው፣ እሱን አልፈልገውም።