ያገለገለ የኦክስጅን ሲሊንደር ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ልትከፍት እንደሆነ ጽፈሃል። ያገለገሉ የኦክስጅንና የአሲቲሊን (ከኦክስጅን ጋር የሚነደው የብየዳ ጋዝ) ሲሊንደሮች በርካሽ አግኝተህ ልግዛቸው ወይስ ልተዋቸው ነው ጥያቄህ። እኔ ደብረ ማርቆስ በዚሁ ሥራ ነው የምኖረው። ኦክስጅኑን አይተህ ግዛ፣ አሲቲሊኑን ተወው።

«አይተህ» ያልኩት በራሴ ስለደረሰ ነው። በ2016 መጀመሪያ ላይ አንድ ሲሊንደር ስገዛ ሻጩ የሲሊንደሩ ትከሻ ላይ፣ ከቫልቩ ሥር፣ የተመታውን ቁጥር አሳየኝና «የተፈተነው በ2014 ነው፣ ገና ሁለት ዓመቱ» አለኝ። እውነትም 2014 ይላል። በአይሱዙ ጭኜ፣ የዓባይን በረሃ አሻግሬ አዲስ አበባ አደረስኩት። ጋዝ የሚሞላው ልጅ ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይህ እኮ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው» አለኝ። ለካ ከተፈተነ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል! ጋዝ የሚሞላው ቤት ደግሞ ከተፈተነ 5 ዓመት ያለፈውን ያለ አዲስ የግፊት ፈተና አይሞላም። ባዶውን ብረት ይዤ 300 ኪሎ ሜትር ተመለስኩ። ሰውየው ዋሽቶኝ ይሁን እንደ እኔው ተሳስቶ እስካሁን አልለየሁትም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠርህ በፊት ትከሻውን አንብብ። ቀለም ተደራርቦበት ቁጥሩ ካልታየህ በደረቅ ብሩሽ ጥረገውና የተፈጨ ጠመኔ እሸው፤ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣልሃል። በናፍጣም ሆነ በዘይት እንዳትወለውለው፤ ቅባትና የታመቀ ኦክስጅን ከተገናኙ ክብሪት አያስፈልጋቸውም። የሥራ ግፊቱ፣ የሚይዘው መጠንና የባዶው ክብደት እዚያው ተመትተዋል። ባዶውን እህል ነጋዴ ዘንድ ወስደህ አስመዝነው። ከተጻፈው በኪሎዎች ካነሰ ግድግዳውን ዝገት በልቶታልና መልስለት።

ያው ሚዛን ሲሞላም ይጠቅምሃል። ባለ 40 ሊትሩ በ150 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ ወደ 6000 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል፤ ይህም 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ጋዝ ሲሞላ ስለሚሞቅ አዲስ አበባ ላይ 150 ያነበብከው ማርቆስ ብርድ ውስጥ አድሮ ወደ 140 ቢወርድ ተሰረቅሁ አትበል። 100 ላይ ካገኘኸው ግን ወይ በቅጡ አልሞላም ወይ ያፈሳል፤ ቫልቩን በሳሙና አረፋ ፈትነው። ባዶ ነው ብለህም ጨርሰህ አታውጣው፤ ጥቂት ግፊት አስቀርተህ ዝጋው፣ አለበለዚያ እርጥበት ይገባና ከውስጥ ያዝገዋል።

ባዶህን ተቀብለው የተሞላ ሌላ የሚሰጡበትን የሲሊንደር ልውውጥ ቢያቀርቡልህ ጊዜ ይቆጥብልሃል። ሆኖም አዲስ የተፈተነውን አስረክበህ ያረጀ እንዳትቀበል፣ እዚያው ቆመህ ትከሻውን አንብብ።

አሲቲሊኑን ተወው ያልኩህ ውስጡ ስለማይታይ ነው። ሲሊንደሩ ባዶ ቆርቆሮ አይደለም፤ አሴቶን የጠጣ፣ ቀዳዳ የበዛበት ነገር ታጭቆበታል፤ ጋዙ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ሟሙቶ ነው። ያ ነገር ተሰባብሮ ወይም አሴቶኑ አልቆ ቢሆን አንተም ሻጩም አታውቁም። አጋድመው ጭነውት ከሆነ ደግሞ አሴቶኑ ከጋዙ ጋር ይወጣል። ለብየዳው የኤሌክትሪኩ ይበቃሃል። ለመቁረጥ የማእድ ቤቱን ጋዝ ከኦክስጅን ጋር ተጠቀም፤ ለእርሱ የተሠራ የመቁረጫ አፍ ግዛ እንጂ በአሲቲሊኑ አፍ አትሞክረው። ይህ ጋዝ የሚበላው ኦክስጅን ከአሲቲሊኑ ይበልጣል፣ ይህንን በሂሳብህ አስገባ። ከካርባይድና ከውኃ አሲቲሊን የሚያወጣውን፣ ከበርሜል ተበይዶ የሚሠራውን ጋን ርካሽ ነው ይሉሃል፤ እኔ ደጄም አላስደርሰው።

አንዳንዱ ደግሞ የሆስፒታል ኦክስጅን በጓሮ ላምጣልህ ይልሃል። የበሽተኛ ትንፋሽ መሆኑ ይቅርና፣ ከአየር ተጣርቶ የሚመረተው ንጽሕናው 93 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለመቁረጥ አይሆንም። ለመቁረጫ 99.5 ይፈለጋል፤ ከዚያ አንድ በመቶ ሲጎድል እንኳ የመቁረጡ ፍጥነት በሩብ ያህል ይቀንሳል።

ትልቁ ወጪህ መንገዱ ነው። ከደምበጫና ከቡሬ በያጆች ጋር ተስማምተህ በአንድ መኪና አስጭን፤ የዓባይ መንገድ በክረምት ስለሚናድ ከሐምሌ በፊት አስሞላ። ሲጫን የቫልቩ መሸፈኛ ቆብ በደንብ ይጥበቅ፣ ሲሊንደሩም ቆሞ ይታሰር። ቆብ የሌለውን ሲሊንደር በነጻ ቢሰጡህም አትጫነው፤ ወድቆ ቫልቩ ከተሰበረ 150 ባሩ በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው።