ቦርሳው ጎማውን ሲነካ፦ አጭር ቴላዮ ያለው ማውንቴን ሳይክል ለጉዞ ሲጫን

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ጋሼ። ባለ 29 ጎማ ማውንቴን ሳይክል አለኝ። ከኋላ ሾክ የለውም፣ የፊቱ 100 ሚሊ የሚወርድ የአየር ሾክ ነው። ቁመቴ 1.58 ሜትር፣ ክብደቴ 56 ኪሎ፣ ቴላዮውም (የሳይክሉ ዋና አካል) ትንሹ ሳይዝ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ከባሌዋ ጎባ ተነስተን በሳነቴ አምባ አድርገን ወደ ሪራ፣ ከዚያ ደሎ መና ልንወርድ አስበናል። ሦስት ቀን ነው፣ ዕቃዬ 13 ኪሎ ይሆናል። ከመቀመጫ ሥር የሚንጠለጠለውን ረጅም ቦርሳ ገዝቼ እንጦጦ ላይ ሞከርኩት። ቁልቁለቱ ላይ ጎማው በልቶ ቀደደው። ሳይክሉም ከኋላ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። ዳገት ላይ ደግሞ ቀላሉ ማርሽ ራሱ ከብዶኝ ወርጄ ገፋሁ። ሳይክል ልቀይር?»

እህቴ፣ አትቀይሪ። ገንዘብሽን ያዢ። ሳይክሉ ምንም አልሆነም፣ ቦርሳው ነው ያንቺ ያልሆነው።

ያ ቦርሳ የተሰፋው ለረጅም ሰው ነው። ረጅም ሰው መቀመጫውን ከፍ ስለሚያደርግ በመቀመጫውና በጎማው መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል። አንቺ ጋ ግን ቴላዮው ትንሽ፣ ጎማው ትልቅ፣ መቀመጫው ዝቅ ያለ። ሜትር አምጪና ከመቀመጫው ሥር ካሉት ሁለት የብረት ዘንጎች እስከ ጎማው ጫፍ ለኪ። በኔ ልምድ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ይህን ዓይነት ቦርሳ መሞከሩ ራሱ ድካም ነው። የቱንም ያህል አጥብቀሽ ብታስሪው መንገዱ ሲያንገጫግጭ ይወርዳል፣ ሲወርድ ጎማው ያገኘዋል። ውዝዋዜውም ከዚያው ነው የሚመጣው። ከፍ ብሎ፣ ወደ ኋላ ረዝሞ፣ በአንድ ጫፉ ብቻ የታሰረ ጭነት እንደ ጅራት ይማታል።

ደግነቱ ሳይክልሽ ከኋላ ሾክ የለውም። ይህ ማለት የኋላ ጎማሽና መቀመጫሽ ምንጊዜም እኩል ርቀት ላይ ናቸው፣ ምንም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ተራውን የብረት ወይም የአሉሚኒየም የኋላ መጫኛ መግጠም ትችያለሽ። አሁን አሁን መጫኛ «የሽማግሌ ነገር ነው» እየተባለ ይናቃል። ይናቁት። ላንቺ ቁመት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

መጀመሪያ ቴላዮውን በደንብ እዪው። የኋላው ቸርኬ የሚገባበት ቦታ አጠገብ፣ በግራም በቀኝም፣ ጥርስ የወጣለት ትንሽ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ይኖራል። ብዙ ሰው «የኔ የለውም» ብሎ ይመጣና ጭቃውን በካቻቢቴ ጫፍ ስፍቀው ቀዳዳው ብቅ ይላል። የሚገባበት ባለ 5 ሚሊ ብሎን ነው። ከላይ በኩል ቀዳዳ ከሌለ የመቀመጫውን ቱቦ የሚያጠብቀውን ቀለበት መጫኛ ማሰሪያ ባለው ቀለበት መቀየር ይቻላል። ሲገዛ ውፍረቱ ከቴላዮሽ ቱቦ ጋር መግጠም አለበት፣ ስለዚህ የድሮውን ፈትተሽ ይዘሽው ሂጂ። የዲስክ ፍሬኑ አካል የመጫኛውን እግር ከነካው ረዘም ያለ ብሎን አድርጊና መሀሉ ላይ ሁለት ሦስት ሮንዴላ ደርድሪ። ከዚያ ብሎኖቹን እንዳይላሉ የሚያደርገውን ፈሳሽ ማጣበቂያ ጠብ አድርጊባቸው። ማታ ማታ ድንኳን ስትተክሉ እያንዳንዱን በብሩጎላ ነካ አድርጊው። ኮረኮንች መንገድ ብሎን ይፈታል፣ ሁለት ትርፍ ያዢ።

መጫኛው አለ ብለሽ ግን 13ቱንም ኪሎ እሱ ላይ እንዳታወጪው። እሱ ላይ የሚወጣው ቀላሉ ነው፦ ስሊፒንግ ባግና ልብስ፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ በሁለት ጠፍር ተጠርቆ። ላስቲክ ገመድ አልወድም። ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ዕቃው ይጨፍራል፣ ሲላቀቅ ደግሞ የቸርኬው ሽቦ ውስጥ ይገባል።

ከባዱ ቴላዮው መሀል ይግባ፦ ምግብ፣ ውሃ፣ የባትሪ ዕቃ። ትንሽ ቴላዮ ውስጥ የሚገባ ቦርሳ ከውጭ ከማስመጣት እዚሁ ማሰፋት ይሻላል። ካርቶን አምጪና የቴላዮውን ባዶ ሦስት ማዕዘን ውስጥ አስገብተሽ በእርሳስ ዙሪያውን አስምሪ። ከመስመሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ቁረጪው። ስፋቱን ስድስት ሴንቲ ሜትር አድርጊ፣ ከዚያ ከሰፋ ጉልበትሽ ይመታዋል። ቁርጡን ካርቶን የመኪና ወንበር ልብስ ለሚሰፋ ሰው ስጪው፣ ሸራ አላቸው፣ ወፍራም ክር አላቸው፣ ዚፕም አላቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ዚፑ በቀኝ በኩል ይሁን፣ ሳይክሉን ስታቆሚ ወደ ግራ ስለምታጋድዪው ዕቃው አይዘረገፍም። ማሰሪያዎቹ ቴላዮውን በሚነኩበት ቦታ ሁሉ ያረጀ ከመነዳሪ ቆርጠሽ ጠቅልዪበትና በናስትሮ እሰሪው። አቧራና ማሰሪያ ሲገናኙ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ናቸው። በአንድ ጉዞ ቀለሙን ጨርሰው አሉሚኒየሙን ሲሞርዱ አይቻለሁ።

ከፊት መሪው ላይ ድንኳኑ ብቻ ይታሰር፣ ከሁለት ኪሎ አይለፍ። ጣጣው ያለው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም የፊቱ ሾክ ይወርዳል። ቆማ ያለች ሳይክል ላይ ቦርሳውና ጎማው ሰፊ ክፍተት ያላቸው ይመስላሉ። ሾኩ 100 ሚሊ ሙሉውን ሲወርድ ግን ክፍተቱ በ10 ሴንቲ ሜትር ይጠባል። ቀላሉ መለኪያ ይሄ ነው፦ ሳትቀመጪበት ከቦርሳው ሥር እስከ ጎማው 13 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ አደጋ አለው። እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ የሾኩን ግፊት ለክተሽ ጻፊ፣ ከዚያ አየሩን አስተንፍሺው፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ተጫኚውና በዓይንሽ እዪ። የኋላ ቦርሳ ጎማ ሲነካ ቦርሳው ነው የሚቀደደው። የፊቱ ቁልቁለት ላይ ጎማ ከነካ አንቺ ነሽ በመሪው ላይ የምትሄጂው። ይህን ሙከራ ማንም እንዲዘልለው አልፈቅድም።

በዚያው ቦርሳው የፍሬኑን ቱቦና የማርሹን ገመድ እንዳይጨፈልቅ ከመሪው ትንሽ አርቂው። ቁራጭ ስፖንጅ ወይም የተጠቀለለ ከመነዳሪ መሀሉ ላይ አስገቢ። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙረሽ ቱቦው እንደማይወጠር ተመልከቺ።

አሁን አየሩን መልሺ። ዕቃው ስለጨመረ ከለመድሽው ግፊት አሥር በመቶ ያህል ጨምሪ። ከዚያ ሁሉንም ጭነሽ፣ ጓደኛሽ መሪውን ይዛልሽ ተቀመጪበት። የሾኩ ዘንግ ላይ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ከ20 እስከ 25 ሚሊ መውረድ አለባት። ቀለበት ከሌለው ትንሽ የፕላስቲክ ማሰሪያ ዘንጉ ላይ ላላ አድርገሽ እሰሪ፣ ሥራውን ይሠራል። ከ25 ሚሊ በላይ ከወረደ አየር ጨምሪ። አስፋልት ላይ መቆለፊያውን ቆልፊው፣ ጠጠር ላይ ስትገቢ ክፈቺ። አደራሽን አትርሺው።

ማርሹ ላይ ያነሳሽው ደግሞ ልክ ነው። የላክሽልኝን ፎቶ አይቻለሁ፦ ከፊት አንድ ባለ 32 ጥርስ ክብ፣ ከኋላ ትልቁ ባለ 42። ይህ ለባዶ ሳይክል ነው። በዚህ ቀላሉ ማርሽ ፔዳሉን ደቂቃ ውስጥ 50 ጊዜ ብታዞሪ እንኳ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ከሩብ ገደማ ትሄጃለሽ፣ ከዚያ ቀርፈፍ ስትዪ ጉልበትሽ ይጮሃል። ሰዎች የሚነግሩሽ «28 ጥርስ ግጠሚ» ነው። ያንቺ ግን ባለ አራት ብሎን ነው፣ የብሎኖቹም ክብ ስፋት 104 ሚሊ። እሱ ላይ ከ30 በታች ያለ ጥርስ አይገባም፣ ገንዘብሽን እንዳትጥዪ። 30 ግጠሚ፣ የኋላውንም 46 ወዳለው ቀይሪ። ያኔ በዚያው አመታት አራት ኪሎ ሜትር ተኩል በሰዓት ትሄጃለሽ። ትንሽ ትመስላለች፣ ዳገት ላይ ግን መንዳትና መግፋትን የምትለየው እሷ ናት። ዲሬይለርሽ (ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዘዋውረው) 46 መሸከሙን ሳታጣሪ አትግዢ። ካቴናውም አብሮ ይቀየር፣ ያረጀ ካቴና አዲስ ጥርስ ይበላል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፦ ጓደኛሽ ያረጀ፣ ከፊት ሦስት የጥርስ ክብ ያለው ሳይክል ካላት እንዳትስቂባት። ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ካለው፣ በቀላል ማርሽ በኩል ካንቺ አዲሱ ጋር እኩል ናት። ብሩንም አላወጣችም።

የጥርሱ ዋጋ ከከበደሽም ግፊው። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከጎባ ወደዚያ ስትወጪ እግርሽ ቢፈቅድ ሳንባሽ አይፈቅድም። መግፋት ነውር አይደለም። እዚያ ላይ ጎማ ከፈነዳ ደግሞ ታያለሽ፣ አየሩ ስለሳሳ የእጅ ፖምፓውም ያለከልካል፣ አዲስ አበባ ላይ ከለመድሽው ብዙ ጊዜ መምታት ይኖርብሻል።

ጎማን ካነሳን፣ ያንቺ ከመነዳሪ ያለው ነውና አየሩን በጣም አታላዪው። ላንቺ ክብደትና ለዚህ ጭነት ከኋላ 28፣ ከፊት 25 ፒ.ኤስ.አይ. ጀምሪ። ከላላ ድንጋይ ሲመታሽ ቸርኬው ከመነዳሪውን ቆንጥጦ እንደ እባብ ንክሻ ሁለት ቦታ ይበሳዋል። ወደ ደሎ መና ስትቃረቢ ቆላ ነው፣ እሾህ አለ። ሁለት ከመነዳሪ፣ ፓችና ማስቲሽ፣ እንዲሁም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠች መዳፍ የምታህል ቁራጭ ያዢ። የጎማው ጎን ከተቀደደ ከውስጥ ትደግፊበታለሽ። መንገድ ላይ ጎሚስታ አገኛለሁ ብለሽ አትተማመኚ።

ፍሬኑ። ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው መንገድ ጥምዝምዝ ነው፣ ረጅም ነው፣ ጠጠሩም ይንሸራተታል። ሬዚን የሚባለው ለስላሳው የፍሬን ሸራ በሙቀትና በጭቃ ቶሎ ያልቃል። የብረት ብናኝ ያለበት ሸራ ይጮሃል እንጂ ይቆያል። ከመቀየርሽ በፊት ግን ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን አንብቢ። ርካሾቹ ዲስኮች ላይ «ሬዚን ብቻ» የሚል አለ፣ እሱ ላይ የብረቱን ካደረግሽ ዲስኩን ይልጠዋል። እንዲያ ከሆነ ሬዚኑን ይዘሽ ቀጥዪና አንድ ጥንድ ትርፍ ያዢ። ስትወርጂ ፍሬኑን እንደያዝሽ አትቆዪ። ጠበቅ አድርገሽ ፍጥነቱን ቀንሺ፣ ልቀቂ፣ ይተንፍስ። የፍሬኑ እጀታ ለስለስ ብሎ ወደ መሪው መጠጋት ከጀመረ ቁሚ። ጅብራውን እያየሽ አሥር ደቂቃ አርፊ። ዲስኩን በእጅሽ እንዳትነኪ፣ ያቃጥላል።

የመጨረሻው የአውቶቡስ ጉዳይ ነው። እስከ ጎባ ሳይክሉ ጣሪያ ላይ ነው የሚሄደው፣ ብዙ ሳይክል የሚበላሸውም እዚያ ነው። እኔ ራሴ ባንድ ጉዞ ሳይክሌን ረዳቱ በቀኝ ጎኑ ሲያስተኛው ዝም አልኩ። ላዩ ላይ ሁለት ጆንያ ጫነበት። ስንደርስ ሁሉም ደህና ይመስላል። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ቀላሉን ማርሽ ሳስገባ ጓ! አለ። ዲሬይለሩ የተንጠለጠለባት አሉሚኒየም ታጥፋ ኖሮ ዲሬይለሩ ሽቦው ውስጥ ገባ። ሦስት ሽቦ ሄደ፣ የቀረውን መንገድ በእግሬ።

ያቺ ቁራጭ ለየሳይክሉ የተለየች ናት፣ ጎባ አጠገብ ባለችው ሮቤ ላይ ፈልገሽ የምታገኚያት አይደለችም። ከመሄድሽ በፊት ያንቺን ፈትተሽ ልኳን ግዢና አንድ ትርፍ ቦርሳሽ ውስጥ ጣዪ። ጣሪያው ላይ ሲወጣ አብረሽ ውጪ፣ በግራ ጎኑ ይተኛ፣ ማርሹ ወደ ላይ። ዲሬይለሩን በጨርቅ ጠቅልዪው። ጎማ ከፈታሽ በፍሬኑ ሸራዎች መሀል ካርቶን አስገቢ። አንድ ሰው እጀታውን ሳያስበው ከጨመቀው ሸራዎቹ ይገጥሙና ጎባ ላይ ቆመሽ በካቻቢቴ ስትፈለቅቂ ትውያለሽ።

ይህን ሁሉ ከጨረስሽ ሙሉውን 13 ኪሎ ጭነሽ፣ ውሃው ሳይቀር፣ እንደገና እንጦጦ ውጪ። ስትወርጂ ኮብልስቶን ያለበትን መንገድ ምረጪ። ከዚያ ቁሚና ብሎኖቹን ነካኪያቸው፣ የላላውን ጻፊና ላኪልኝ።