3 ግራም የጎደለው ዳቦ

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ዳቦ ቤት ዳቦው 100 ግራም ነው ይላል። እኔ ግን በሁለት ወር 64 ዳቦ መዘንኩ፤ አማካዩ 97፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የዳቦዎቹ ክብደት ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን) 10 ግራም ወጣ። ጓደኞቼ "3 ግራም ምን አላት፣ አጋጣሚ ነው" ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 64 ዳቦ መመዘንህ ደስ ብሎኛል። አንድ ዳቦ 10 ግራም ከፍ ዝቅ ቢል አይገርምም፤ የ64ቱ አማካይ ግን እንደዚያ አይዋዥቅም፣ ምክንያቱም የከበደው የቀለለውን ያካክሰዋል። ምን ያህል ይዋዥቃል? 10ን ለ64 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ8 አካፍል፦ 1.25 ግራም። አሁን የጎደለችውን 3 ግራም ለ1.25 ስታካፍል 2.4 ይመጣል። "ጎድሏል ወይ?" ብለህ በ5 በመቶ ደረጃ (ሳይጎድል ጎድሏል ብለህ የመሳሳት ዕድልህ ከ100 5 እንዲሆን) ስትፈትሽ ድንበሩ 1.645 ነው፤ በ2.4 አልፈኸዋል። የዳቦው ትክክለኛ አማካይ 100 ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ጉድለት የሚያጋጥምህ ከ1000 8 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አጋጣሚ ነው የሚለው አያሳምነኝም።

ናሙናው ትልቅ ስለሆነ የእያንዳንዱ ዳቦ ክብደት ስርጭት የደወል ቅርጽ (አብዛኛው መሃል፣ ጥቂቱ ዳርና ዳር) ባይኖረውም ስሌቱ ይሠራል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ መቼ ነው የመዘንከው? ዳቦ ሲያድር ይደርቃል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ያደረ መዝነህ ከሆነ ዳቦ ቤቱን ከመውቀስህ በፊት ትኩሱን፣ በተለያየ ቀንና ሰዓት እየገዛህ እንደገና መዝን።