የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ብሩዥን ጉልበት ሳይጎዱ መጎብኘት

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህርት ስሆን የምኖረው በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ነው። ብራስልስ የምትኖረው ልጄ በመጪው ግንቦት ጋብዛኛለች፤ በዚያው አጋጣሚ ለተማሪዎቼ ስሟን ሳነሳ የኖርኩትን የብሩዥን ከተማ ማየት እፈልጋለሁ። ልጄ ሥራ ስለሚበዛባት የምሄደው ብቻዬን ነው፤ ጉልበቴንም ያመኛል። ከተማዋን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል? በምንስ ልዘዋወር?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ ቢያድሩ ግን ይመረጣል። ከብራስልስ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚያስኬድ አብዛኛው ጎብኚ ረፋድ ላይ ደርሶ ማምሻውን ይመለሳል፤ ጠባቦቹ መንገዶች የሚጨናነቁትም በዚሁ መሀል ነው። የአገር ውስጥ ባቡር ትኬት በወንበር ቁጥር ስለማይሸጥ አንዱ ቢያመልጥዎ በሚቀጥለው መሳፈር ይችላሉ።

ከባቡር ጣቢያው እስከ ዋናው አደባባይ፣ እስከ ማርክት፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአንኮበርን ዳገት ለሚያውቅ ሰው ከተማዋ ሜዳ ናት፤ የሚያስቸግረው ኮብልስቶኑ ብቻ ስለሆነ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ያድርጉ። ሲሄዱ ቀስ እያሉ በእግር፣ ሲመለሱ ደግሞ በአውቶቡስ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ከጣቢያው በእግር ሲነሡ እ.ኤ.አ. በ1245 የተመሠረተው ቤጊንሆፍ መንገድዎ ላይ ነው። በኖራ የነጡት ቤቶቹ የምንኩስና መሐላ ሳይፈጽሙ በጸሎት የሚኖሩ ሴቶች መኖሪያ ነበሩ፤ ዛሬ የቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳት ይኖሩበታል።

ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የጡብ ግንቡ 115 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እርስዎ ግን ጊዜዎን ውስጥ ላለው ለማይክል አንጄሎ የእብነ በረድ ሐውልት ይስጡ። ሕፃኑ እንደተለመደው በእናቱ ክንድ አልታቀፈም፤ በጉልበቶቿ መካከል ቆሞ ሊራመድ የተነሣ ይመስላል፤ እርስዋም ዓይኗን ወደ ታች ጥላለች። ሐውልቱን እ.ኤ.አ. በ1794 ፈረንሳዮች፣ በ1944 ደግሞ ጀርመኖች ወስደውት ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሷል። የመቅደላን ዘረፋ ያስተማረ ሰው እዚያ ፊት ቆሞ የሚያስበው አያጣም።

ማርክት ላይ ያለውን 83 ሜትር የደወል ግንብ ለመውጣት አይሞክሩ። 366 ደረጃዎች አሉት፤ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ይጠባሉ፤ አሳንሰርም የለውም። የደወሎቹ ዜማ አደባባዩ ላይ ለተቀመጠ ሰውም በነፃ ይሰማል። በዚያ ፈንታ ግማሽ ሰዓት ያህል በሚወስደው የጀልባ ጉዞ በቦዮቹ ላይ ቢዘዋወሩ እግርዎን እያሳረፉ ከተማዋን ያያሉ፤ ጀልባው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲሳፈሩ የሚደግፍዎት ሰው ይጠይቁ።

የሄዱት ግንቦት ከሆነ አንድ ነገር ያጣሩ። በምዕራባውያን አቆጣጠር የዕርገት ዕለት፣ ሐሙስ፣ የክርስቶስ ደም ነው ተብሎ የሚከበረው ንዋየ ቅድሳት በከተማዋ መንገዶች በታላቅ ሥነ ሥርዓት ይዞራል። በዓሉ ከእኛ ዕርገት ጋር የሚገጥመው አንዳንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ልጅዎ ቀኑን አስቀድማ ትመልከት፤ ሥነ ሥርዓቱን ማየት ከፈለጉም ማደሪያውን ከወዲሁ ታስይዝልዎ፤ ካልፈለጉ ደግሞ ጉዞውን ወደ ሌላ ቀን ቢያዛውሩ ይሻላል።