ሳል አይደለም እህቴ፣ ኩኩሉ እየለመደ ነው

ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። «ኮዬ ፈጬ ዳር ነኝ፣ ቄብ ተብለው ከገዛኋቸው 14 ዶሮዎች ሁለቱ ጠዋት ጠዋት አንገታቸውን እየሰገጉ እንደታነቀ ሰው ያደርጋቸዋል፣ ሦስት ወር አልፏቸዋል፣ ምን ልስጣቸው?» ብለሻል። ከሥሩ ያለው ኮሜንት ደግሞ «ፈንግል ነው» (ያ ገዳዩ የዶሮ በሽታ)፣ «ሳይሞቱ ሽጪያቸው» ብቻ ነው። ምንም አትስጫቸው፣ እንዳትሸጫቸውም! እኔ ቱሉ ዲምቱ ላይ ያንቺኑ ጉድ አይቼ፣ የዚህ ዓይነት ኮሜንት አምኜ ነው የከሰርኩት።

1ኛ፦ ቄብ አይደሉም። አውራ ናቸው። ያንቺም እንደኔው ከመኪና ላይ በ45 ቀናቸው የተገዙ ይመስለኛል። ሻጩ «ሁሉም ሴት ነው፣ ዋስትና እሰጥሃለሁ» ብሎኝ ስልኩን ሰጠኝ፤ ስልኩ እስከዛሬ አይሠራም። አናታቸው ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ከሌሎቹ ጋር አስተያዪው፤ የወንዱ ቀድሞ ያድጋል፣ ቀድሞም ይቀላል። ሦስት ወር ላይ ደግሞ የአንገቱና የወገቡ ላባ እየሾለ ይመጣል፣ የሴቷ ጫፉ ክብ እንደሆነ ይቀራል። ኮይኮክ የሚባለው ዝርያ ከሆኑ ገና ከጅምሩ ቀለማቸው ይናገራል፣ ወንዱ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች። የኔዎቹ ሳሶ የሚባለው ዝርያ ስለነበሩ በቀለም ምንም አልገባኝም።

2ኛ፦ ድምፁ። አብዛኛው ጎረምሳ ዶሮ ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ነው መጮህ የሚጀምረው። የሚቸኩል አለ፣ በሁለት ወሩ የሚሞክር፤ የሐበሻው ግን እኔ ግቢ ውስጥ ስድስት ወር ሊሞላው ሲል ነው የተነፈሰው። መጀመሪያ ላይ ያ የምናውቀው ኩኩሉ አይደለም። ላዳ በሐምሌ ጠዋት አልነሳ ሲል ታውቂያለሽ? እንደዛ ነው። «ኩ… ኩህ» ይልና ይቆረጣል፣ መጨረሻ ላይ የሚጎተተው ክፍል የለም። ልጅ ሆነን ድብብቆሽ ስንጫወት «ኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም!» እንል አልነበር? የኔው «ኩኩ» ብሎ ራሱ ደንግጦ የተደበቀ ነው የሚመስለው። በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ግን እየጠራ፣ እየረዘመ ይሄዳል።

ከበሽታ የሚለየው እንዲህ ነው (ይሄን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ!)። ለማጅ አውራ ተነስቶ ይቆማል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ክንፉን ያራግባል፣ አንዴ ይጮሃል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ጥራጥሬውን ይለቅማል። የታመመ ዶሮ ድምፁ ከትንፋሹ ጋር ነው፣ ቆሞም ተኝቶም «ኽር ኽር» ይላል፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ አፍንጫው ይረጥባል፣ ክንፉን ጥሎ ጥግ ይይዛል፣ መኖውን ይተዋል። ፈንግል ከሆነማ አረንጓዴ ተቅማጥ አለው፣ አንገት ይጠማዘዛል፣ ደግሞም ሳምንት ሙሉ እያስጮኸ አያቆይሽም፣ ክትባት ያላገኘ መንጋ ከሆነ ቶሎ ነው የሚጨርሰው።

3ኛ… ሦስተኛው እንኳ ምክር አይደለም፣ የኔ ታሪክ ነው። 12 ዶሮ ነበሩኝ፣ አንዱን በ250 ብር የገዛሁት። አንድ ቀን ንጋት ላይ ትልቁ ያን ድምፅ አወጣ። ግሩፕ ላይ ጠየቅኩ፣ ሁሉም «ፈንግል» አለኝ። ወደ ግብርና ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው ስብሰባ ነው ተባልኩ። በማግስቱም ስብሰባ። በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ስንት ነው ዶሮህ?» አለኝ። «12» ስለው ሳቀ። «ለ12 ዶሮ ነው ሦስት ቀን የተመላለስከው? የሞተ ካለ አምጣ፣ ከሌለ ሂድ።» ልጄ የሚሆን ጎረምሳ! እስኪ ድምፁ ምን ዓይነት ነው ብሎ አንዴ ቢጠይቀኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ከዚያ መድኃኒት ቤት። ኦክሲቴትራሳይክሊን ሸጠውልኝ አምስት ቀን በውኃ አጠጣሁ። ፈንግል ቫይረስ ስለሆነ ያ መድኃኒት እንደማይነካው ያወቅኩት ብሬ ካለቀ በኋላ ነው። ፈንግልን በዋናነት የሚከላከለው ክትባት ነው፣ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ አንዱ ጠርሙስ ግን ለብዙ ዶሮ ስለሆነ፣ ከተበጠበጠም ስለማይቆይ፣ ከጎረቤት ጋር ተደራጅተሽ በአንድ ቀን አስከትቢ። ይሄን ከድምፁ ጋር አታገናኚው፣ ለማንኛውም ያስፈልግሻል።

መድኃኒቱ አልሠራ ሲል (ምን ሊሠራ!) ሁለተኛውም ጀመረ፣ ሦስተኛውም። ያኔ ደነገጥኩ። የጓሮ ጎረቤቴ እትዬ በአጥር አንገታቸውን አስገብተው «ልጄ፣ ይሄ ጎረምሳ ነው፣ ምንም አልሆነም» አሉኝ። እኔ ግን ግሩፑን ነው ያመንኩት። 12ቱንም ለአንድ ተዘዋዋሪ ነጋዴ አንዱን በ150 ብር ሂሳብ ሰጠሁ። መኖውን፣ መድኃኒቱን፣ የትራንስፖርቱን ተይው። እትዬ ከነጋዴው እዚያው በራፌ ላይ ሁለቱን ገዙ። «ከሞቱም ይሙቱ» አሉ እየሳቁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ጥርት ያለ ረዥም ኩኩሉ። ትልቁ ነው፣ አወቅኩት። እትዬ አብረው የገዙት ሁለተኛው ግን ዝም ብሏል፤ አለቃው ባለበት ታናሹ ብዙ ጊዜ አይደፍርም፣ ከደፈረም ከእሱ በኋላ ነው። ጃፓኖች ይሄን በጥናት አይተውታል፣ ንጋት ላይ የሚጀምረው የበላዩ ነው ይላሉ። እትዬ ትልቁን ለገና ሲያርዱት ሁለተኛው በሳምንቱ ጀመረልሽ። ስለዚህ ካንቺ 14 ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው ብለሽ አትዘናጊ፣ ዝም ያለ ሌላ አውራ ሊኖር ይችላል።

ያን ሁለተኛውን ለፋሲካ እኔው ገዛሁት፤ በ1,800 ብር። 50 ብር ቀንሱልኝ ብላቸው «ታሞ ነበር እኮ፣ ስንት ደክሜ ነው ያዳንኩት» አሉኝ።

አሁን ንጋት ላይ ስልክሽን ቆጡ አጠገብ አድርገሽ ድምፁን ቅጂና እዚሁ ላኪው፣ ሰምቼ እነግርሻለሁ። መኖ መብላታቸውንና የኩሳቸውን ቀለም አብረሽ ጻፊልኝ።