ለባሕር ዳርና ለደብረ ማርቆስ የፊዚክስ ተማሪዎች፦ ስለ ሌዘር ኃይል

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ለፍሪኩዌንሲ ኮምብ ስፔክትሮስኮፒ (ጋዝን የመሰለ ነገር የሚውጠውን ብርሃን በኮምብ ሌዘር ለመለካት) ስንት ዋት ያለው ሌዘር እንደሚያስፈልግ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ግን ከዋቱ በፊት ለእያንዳንዱ የኮምቡ ጥርስ፣ ማለትም በብርሃኑ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ፣ ምን ያህል እንደሚደርስ አስሉ እላለሁ።

ጆን ሆልና ቴዎዶር ሄንሽ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ለመጋራት ያበቃቸው ኮምብ፣ እጅግ አጫጭር የብርሃን ፐልሶችን በእኩል ጊዜ የሚያወጣ ሌዘር ነው፤ ብርሃኑ ሲተነተን እንደ ሚዶ ጥርስ እኩል ተራርቀው የቆሙ ፍሪኩዌንሲዎች ይታያሉ። ርቀታቸው 100 ሜጋኸርዝ፣ ጠቅላላ ስፋቱ 10 ቴራኸርዝ ቢሆን 100,000 ጥርስ ይኖራል፤ 100 ሚሊዋት ለእነዚህ ሲከፋፈል በአማካይ ለአንዱ የሚደርሰው 1 ማይክሮዋት ነው። በጣና ዳር ረግረግ ላይ ያለውን ሚቴን ለመለካት ብትነሡ ደግሞ፣ ጋዙ አጥብቆ ብርሃን የሚውጠው 3.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ብርሃኑን በክሪስታል ወደዚያ ስትቀይሩት አብዛኛው ኃይል በመንገድ ይቀራል። ከፍተኛ ኃይል የሚፈለገው በዚህ ምክንያት እንጂ ለጌጥ አይደለም።

ኃይሉን የሚሰጠን በአብዛኛው የኢተርቢየም ፋይበር ማጉያ ነው፤ ይህም ኢተርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተጨመረበት፣ ከምንጩ (ከኮምቡ ሌዘር) የሚመጣውን ብርሃን የሚያጎላ ቀጭን የመስታወት ክር ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ዶና ስትሪክላንድና ዠራር ሙሩ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳዩት መንገድ ፐልሱ ይለጠጣል፣ ይጎላል፣ መልሶ ይጨመቃል። ማጉያው ግን ከምንጩ የመጣውን ረብሻ (ኖይዝ) አያጠራም፤ ይልቁንም የራሱን ይጨምርበታል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ (መቼስ ውስን ነው) መጀመሪያ ረብሻው ትንሽ በሆነ ምንጭ ላይ አውሉት።

በእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የመብራት መቆራረጥ ነው። ምንጩ ጠፍቶ የማጉያው ፓምፕ (ለፋይበሩ ኃይል የሚመግበው ሌላ ሌዘር) ከቀጠለ፣ የሚወስደው ያጣው ኃይል በፋይበሩ ውስጥ ይከማችና በድንገት ግዙፍ ፐልስ ሆኖ ወጥቶ ፋይበሩን ይሰብረዋል። ሁለቱንም በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚሠራ የኃይል መጠባበቂያ) ላይ አድርጉ፤ ምንጩ ሲቆም ፓምፑን ወዲያውኑ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም ሥሩ። መብራት ሲመለስ ምንጩ በትክክል ፐልስ መስጠቱን ሳታረጋግጡ ፓምፑን አትንኩ። የፋይበሩንም ጫፍ በማይክሮስኮፕ እዩት፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት መሐል ስፋቱ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ በመሆኑ፣ እዚያ ላይ ያረፈች አንዲት የአቧራ ቅንጣት ተቃጥላ ጫፉን ታበላሸዋለች።

የኢተርቢየም ብርሃን 1030 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ ሬቲና ድረስ ግን ዘልቆ ይገባል። ለዚሁ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር አድርጉ፤ ብርሃኑን እንዳያንጸባርቁ ቀለበትና ሰዓታችሁንም አውልቃችሁ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ።